ስለ ሕገ መንግሥት መሻሻልና ስለ አርባ ስምንቱ ሰዓት

በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ሁለት ሦስት ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው «ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል» እና «አይነካ» በሚለው ክርክር ላይ ነው። በተለይም የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ ክርክሩ ከሻይ ቤት አልፎ በየመኝታ ክፍሉ እንቅልፍ የሚያሳጣ ሆኗል። አንዱ ወገን አንቀጽ 39ን፣ ሌላው ሰንደቅ ዓላማውን፣ ሦስተኛው የአዲስ አበባን ጉዳይ ያነሣል። ጥያቄዎቹ ትላልቅ ስለ ሆኑ አናቃልላቸውም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ነገር ሲጠየቅ አልሰማንም። ይኸውም፤ ሕገ መንግሥት በሚሻሻልበት ጊዜ የአንድ ተራ ሰው መብት የሚጠበቀው በምንድን ነው? ደግሞስ እስከ ዛሬ ድረስ በአገራችን መብት ሲጠፋ የጠፋው በማሻሻያ ነውን?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቦታና አንድ ሰው እንውሰድ። ቦታው ጉቴ ይሁን። ጉቴ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከመካከላችን የወለጋ ልጆች የሆኑት በየዕረፍቱ ሲመላለሱ በአውቶቡስ መስኮት ያዩአታል። ሰውየው ደግሞ በቆሎውን ሊሸጥ ገበያ የወጣ ገበሬ ይሁን። ይህ ሰው ከገበያው መካከል በፖሊስ ተያዘ እንበል። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ለጊዜው አንመረምርም። የእኛ ጥያቄ «ዳኛ ፊት የሚቀርበው መቼ ነው?» የሚል ብቻ ነው።

መልሱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ተጽፏል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ መብት አለው። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለጉቴው ገበሬ ይህ የጉዞ ነገር ብዙ አያስቸግርም፤ ከወረዳው ከተማ የተያዘ ሰው ነውና። ነቀምቴም ቢሆን ሩቅ አይደለችም።

ይህ 48 ሰዓት በ1987 ዓ.ም. የተፈጠረ አለመሆኑን ብዙዎቻችን የምናውቅ አይመስለንም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ውስጥም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ታዝዞ ነበር። እንዲያውም እዚያ ላይ አንድ የሚያስገርም ልዩ ሁኔታ ተጨምሮበታል። ሰውየው የተያዘበት ስፍራ በእግር ብቻ የሚደረስበትና መንገዱም ከ48 ሰዓት የማያንስ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ለማራዘም ይችላል ይላል። አርቃቂዎቹ የአገሩን መንገድ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጉቴ ለነቀምቴ ቅርብ ስለ ሆነች ልዩ ሁኔታው አይመለከታትም፤ በቄለም ጫፍ ይኖር ለነበረ ሰው ግን ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መንገዱ በአስፋልት ተለበጠ፣ መኪናው በዛ፣ ስልኩ በየኪሱ ገባ። ሰዓቱ ግን ያው 48 ነው።

ከጽሑፉ ሕግ በፊትም ቢሆን ይህን የመሰለ ነገር በሕዝባችን ዘንድ እንግዳ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በገበያ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ሁለቱም ባሉበት ይቆሙ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ተጣልተው የመጡት ሰዎች ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። የ48 ሰዓቱም ቁም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጉልበት ያለው እጁን ሰብስቦ ነገሩን ለሦስተኛ ሰው እንዲያስረክብ ነው። ልዩነቱ አሁን «በሕግ አምላክ» የሚባለው ለጎረቤት ሳይሆን ለመንግሥት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መሻሻሉ እንመለስ። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የመብት ምዕራፍ ሦስተኛው ሲሆን ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይደርሳል። ይህን ምዕራፍ ለማሻሻል አንቀጽ 105 ከሌላው ሁሉ የጠበቀ ቁልፍ አበጅቶለታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ይህም አይበቃም። የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እያንዳንዳቸው በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለባቸው። የማሻሻያውን ሥርዓት የሚወስኑት አንቀጽ 104ና ራሱ አንቀጽ 105ም በዚሁ ቁልፍ ተቆልፈዋል፤ አለዚያ ሰው መጀመሪያ ቁልፉን አሻሽሎ ከዚያ ሣጥኑን ይከፍት ነበር። ለቀሩት አንቀጾች ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲስማሙና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ሲደግፉ ይበቃል።

በ1987 ዓ.ም. ክልሎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ክልል ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፈለና ቁጥሩ አሥራ ሁለት ደረሰ። (አንቀጽ 47 ግን እስካሁን የሚቆጥረው የጥንቶቹን ዘጠኙን ነው።) እንግዲህ የመብት ምዕራፍ ቁልፍ ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት ጥርስ አደገ ማለት ነው። ጨፌ ኦሮሚያ ብቻውን «አይሆንም» ቢል ማሻሻያው ይወድቃል፤ የሐረሪ ምክር ቤት ብቻውን ቢልም እንዲሁ ነው። ለሌሎቹ አንቀጾች ከአሥራ ሁለቱ ስምንት ይበቃሉ።

እዚህ ላይ «ይሻሻል» ለሚሉትም «አይነካ» ለሚሉትም አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ብዙ የሚያከራክሩን አንቀጽ 39ና ስለ መሬት የሚናገረው አንቀጽ 40 ሁለቱም በዚሁ በሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። የጉቴው ገበሬ 48 ሰዓት፣ የሚያርሰው መሬት፣ የብሔረሰቦች መብትም በአንድ ሣጥን ተቆልፈዋል። አንዱን ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ሣጥኑን እንዳለ መክፈት አለበት።

ቁልፉ ይህን ያህል ከጠነከረ ታዲያ ምን ያስጨንቀናል? የሚያስጨንቀን ታሪካችን ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥት የሚሞተው በማሻሻያ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ለዜጋው አንዳንድ መብት ሰጥቶ፣ በጦርነትና በሕዝብ ላይ በሚመጣ መከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በሥልጣናቸው የሚወስዱትን እርምጃ ግን አያግድም ነበር። የ1948ቱ ከዚያ ሰፋ ያለ ነው፤ ለመሰፋቱም አንዱ ምክንያት በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ኤርትራ ከኢትዮጵያ የተሻለ ሕገ መንግሥት ይዛ መምጣቷ ነው። በ1948ቱ ሥርዓት ማሻሻያ እንዲጸድቅ የሁለቱም ምክር ቤቶች አባላት ሦስት አራተኛ በሁለት የጉባኤ ዘመን መስማማት፣ ንጉሠ ነገሥቱም መፍቀድ ነበረባቸው። በ1966 ዓ.ም. ክረምት አዲስ ረቂቅ ተሰናድቶ ቀርቦ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 1 ሕገ መንግሥቱን አገደው፤ ሦስት አራተኛ ድምፅ የጠየቀም የቆጠረም አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ያ 48 ሰዓት በመጽሐፉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ከአሥር ሳምንት በፊት ተዘግቷል። የ1980ውም ሕገ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከነመንግሥቱ ወደቀ።

የዛሬው ከሁሉም የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል። የመብት ምዕራፉም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 105 መንገድ አንድ ፊደል አልተለወጠበትም። የሕግ ምሁራን በሌሎች አንቀጾች፣ ማለትም ግብርን በሚመለከተው አንቀጽ 98ና በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲደረግ በሚያዝዘው አንቀጽ 103 ላይ፣ ማሻሻያ ተደርጎ በነጋሪት ጋዜጣ ሳይወጣ ቀርቷል ብለው ጽፈዋል። በነጋሪት ጋዜጣ ያልወጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጆሮ የተነገረ ሐሜት ይመስላል። ቢሆንም ሣጥኑ አልተነካም። ነገር ግን ሣጥኑ ያለበት ቤት ሌሎች በሮች አሉት፤ እነርሱን አንድ በአንድ እንይ።

የመጀመሪያው በር ተራ ሕግ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ካለ በኋላ፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል ይችላል ይላል። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተከሰሱትን የቀድሞውን ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ለቀቀች። ሰውየው ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ በዚያው ዓመትም በሙስና የተከሰሰ ሰው በዋስ እንዳይፈታ የሚከለክል አዋጅ ወጣ። አዋጁ በ1997 ዓ.ም. ጥቂት ላላ። በዚህ ሁሉ ከሕገ መንግሥቱ አንዲት ቃል አልተሠረዘችም፤ ዘጠኝ ምክር ቤት ይቅርና አንድ የክልል ምክር ቤት እንኳ አልተጠየቀም።

ሁለተኛው በር አንቀጽ 93፣ ማለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ይህን በር ዘመናችን በደንብ ያውቀዋል። በመስከረም 2009፣ በየካቲት 2010፣ በመጋቢት 2012፣ በጥቅምት 2014፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተከፍቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያውጃል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ በአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላጸደቀው አዋጁ ወዲያው ይሻራል። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛ የሚባለው ነገር ለጌጥ የገባ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ድምፁ ተሰጥቶ መጀመሪያ 346 አባላት እንደ ደገፉ ተነገረ። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ ስላለው ሁለት ሦስተኛው 365 ነው፤ በጊዜው በነበሩት 539 አባላት ቢሰላ እንኳ 360 ይሆናል። ወዲያው ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ጥያቄ አነሡ። ቆይቶ ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ታረመ። በአገሪቱ ሁሉ መብት የሚታገድበትና የማይታገድበት ልዩነት በእነዚያ ጥቂት ድምፆች ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና፣ እኛ በቤተ መጻሕፍት ፈተና ስናጠና ከምንደምረው ቁጥር ሁሉ ይህ የበለጠ መጠናት የሚገባው ይመስለናል።

በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩ መብቶች በአንቀጽ 93 ተዘርዝረዋል። እነርሱም ስለ አገሪቱ ስያሜ የሚናገረው አንቀጽ 1፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18፣ ስለ እኩልነት የሚናገረው አንቀጽ 25ና የአንቀጽ 39 የመጀመሪያ ሁለት ንኡስ አንቀጾች ናቸው። በሕይወት የመኖር መብት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። 48ቱ ሰዓትም የለም። የአገሪቱ ስም ከነዋሪዋ ነፍስ ይልቅ በጥንቃቄ ተጠብቋል ብንል ማጋነን አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሠሩትን ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ታዝዟል። ለጉቴው ገበሬ ግን 48 ሰዓት ወደ አንድ ወር ተለወጠ፤ ያውም ስሙ እስኪወጣ እንጂ ዳኛ እስኪያየው አይደለም።

ሦስተኛው በር ትርጉም ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አልሆን ሲል አራት መንገዶች ቀረቡ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ሕገ መንግሥቱን መተርጐም። የተመረጠው የመጨረሻው ሲሆን፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የመንግሥቱን ዘመን አራዘመው፤ ምርጫውም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ተደረገ። በወቅቱ ከዚህ የተሻለ መንገድ ነበር ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ በየጊዜው በሚደረግ ምርጫ የመምረጥ መብት በአንቀጽ 38 ተጽፎ በሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ሳለ፣ የአንድ ምክር ቤት ውሳኔ ወደ ሌላ ጊዜ ሊያሸጋግረው ችሏል።

አራተኛውን በር የወለጋ ተማሪ ከማንም የበለጠ ያውቀዋል፤ እርሱም ምንም ወረቀት የሌለበት በር ነው። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ሞባይል የሚሠራውም በትላልቅ ከተሞች ብቻ ሆነ። ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የማግኘት ነጻነት በአንቀጽ 29፣ በስልክ የሚደረግ ግንኙነት አለመደፈሩም በአንቀጽ 26 ተጽፏል። ሁለቱም የሦስተኛው ምዕራፍ ናቸው። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን ነው። የዚያ ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ደግሞ መጋቢት 30 ቀን ነው። ቀኖቹን አስተያዩአቸው፤ መብቱ ሦስት ወር ያህል የታገደው አስቸኳይ ጊዜ ባልታወጀበት ጊዜ ነው፤ የተመለሰው ደግሞ አስቸኳይ ጊዜ ከመታወጁ ከስምንት ቀን በፊት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለቤተ ሰቡ መደወል ያቃተው ተማሪ በየትኛው አንቀጽ እንደ ተከለከለ ቢጠይቅ የሚጠቀስለት አንቀጽ አልነበረም።

ታዲያ መሻሻል ለመብት ጠላት ነው ማለታችን ነውን? ፈጽሞ አይደለም። በአሜሪካ የንግግርና የሃይማኖት ነጻነት የተጻፈው በዋናው ሕገ መንግሥት ላይ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቁት አሥር ማሻሻያዎች ነው። ጀርመኖች ከናዚ ዘመን ተምረው በ1949ኙ ሕጋቸው የሰው ልጅ ክብር በማናቸውም ማሻሻያ እንዳይነካ አደረጉ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን የሕንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ብዙ ሰዎች ያለ ፍርድ ታሠሩ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 እስረኞቹ በዚያ ጊዜ «ለምን ታሠርን?» ብለው ሊከሱ አይችሉም ሲል ፈረደ። አስቸኳይ ጊዜው ካለፈና መንግሥቱ በምርጫ ከተለወጠ በኋላ፣ በ1978 በአርባ አራተኛው ማሻሻያ፣ የሕይወትና የግል ነጻነት መብት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን እንዳይታገድ ተደነገገ። ሕንዶች ሣጥኑን አላጠበቁም፤ በሩን ዘጉ።

እኛም አገር ያው መንገድ ክፍት ነው፤ ያውም ከምናስበው ቀላል ነው። አንቀጽ 93 በምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስላልሆነ አሥራ ሁለቱን ክልሎች ሁሉ ማስማማት አያስፈልግም፤ ስምንት ይበቃሉ። ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጕም የሚለው አንቀጽ 83ም እንዲሁ ነው። ሕይወትን፣ 48ቱን ሰዓትና በዳኛ መታየትን በማይነኩት ዝርዝር ውስጥ ለመጨመር የሚያስፈልገው ይህ ነው። በሌላ በኩል ግን እነዚሁ ስምንት ክልሎች ያንን ዝርዝር ሊያሳጥሩት፣ የስድስቱን ወር ገደብም ሊያረዝሙት ይችላሉ። ሣጥኑን የሚጠብቀው ቁልፍ ከባድ፣ በሩን የሚጠብቀው ቁልፍ ቀላል ሆኖ ተሠርቷል። በየሻይ ቤቱ አንቀጽ 39 ላይ ስንጨቃጨቅ አንቀጽ 93ን የሚያነሣ ሰው መጥፋቱ የሚያሳዝነን ለዚህ ነው።

ሕግን በየጊዜው ማሻሻል ለወለጋ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ሲለወጥ ሕጉ በጉባኤ ፊት ይነገራል፣ ይታደሳል፤ በሆሮ ጉድሩ ያለው ኦዳ ቡሉቅ ከነዚህ የመሰብሰቢያ ስፍራዎች አንዱ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ የሚለውን ስም የወሰደው ከዚሁ ነው። (በኦሮምኛ «ሴራ» ማለት ሕግ ነው። ያው ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ስንት ጠብ በዚህ እንደ ተነሣ ደግሞ የመኝታ ክፍል ጓደኞች ይናገሩ።) በዚያ ሥርዓት ሕጉን የሚያድሱት ሰዎች ሕጉ የሚነካቸው ራሳቸው ስለ ሆኑ፣ የተለወጠውን ነገር ከነጋሪት ጋዜጣ መፈለግ አያስፈልጋቸውም።

አንቀጽ 104ም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ቃል አለው። የማሻሻያ ሐሳብ ከሁለቱ ምክር ቤቶች በአንዱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም ከክልል ምክር ቤቶች በአንድ ሦስተኛው ሲደገፍ፣ ለመላው ሕዝብና ማሻሻያው ለሚመለከታቸው ሁሉ ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል ይላል። እንዴት እንደሚቀርብ ግን ሕገ መንግሥቱ አይናገርም። በጉቴ ሕዝቡ በቀበሌ አዳራሽ ይጠራ ወይስ በገበያ ቀን ይነገረው? ስንት ቀን ቀድሞ ይነገረው? ረቂቁ በኦሮምኛ ታትሞ ይሰጠው ወይስ በቃል ይተርጐምለት? ተሰብሳቢው «አልስማማም» ቢል ቃሉ የሚመዘገበው የት ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ገበሬው በኦሮምኛ ሰምቶ በኦሮምኛ ቢስማማ እንኳ፣ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። አንቀጽ 106ም ከሦስተኛው ምዕራፍ ውጭ ስለ ሆነ የሚሻሻለው በስምንት ክልሎች ነው።